ሞክሼ አገሮች፣ ሞክሼ ከተሞች

ሁለት አልማዞች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኙ አይተዋወቁም። ስማቸውን ሲለዋወጡ ግን ፊታቸው ይፈታል። “ሞክሼዬ!” ይባባላሉ። ከዚያ ወዲያ በስም መጠራራት ይቀራል፤ ሞክሼነቱ ራሱ ስም ይሆንላቸዋል። ጨዋታው ሲደራ ደግሞ አንዲት ጥያቄ መምጣቷ አይቀርም፦ “ለመሆኑ ማን አወጣልሽ?” የአንደኛዋን አያቷ አውጥተውላት ይሆናል፤ የሌላዋን የክርስትና እናቷ። ስሙ አንድ፣ ታሪኩ ሁለት።

ቦታዎችም ሞክሼ አላቸው። ከተማ ከከተማ ጋር ተቀምጦ “ማን አወጣልህ?” መባባል አይችልምና ጥያቄውን እኛ እንጠይቅላቸው። የቦታ ስም በራሱ አይራባም። ሁለት ቦታዎች አንድ ስም ይዘው ሲገኙ ብዙውን ጊዜ በመካከላቸው የተጓዘ ሰው አለ፤ መነኩሴ፣ ስደተኛ፣ ጎሳ፣ ገዥ፣ ወይም የጠፋ መንግሥት ወራሽ ነኝ ባይ። ስሙን ተከትሎ የሄደ ሰውዬውን ያገኘዋል። በዚህ ምዕራፍ የምናደርገውም ይህንኑ ነው። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

እስክንድርያ እና አሌክሳንድሪያ

ከዋሽንግተን ዝቅ ብሎ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ አሌክሳንድሪያ የምትባል የቨርጂንያ ከተማ አለች። በዚህች ከተማና በዙሪያዋ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከመካከላቸው አንዱ እሑድ ማለዳ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል እንበል። ስንክሳር ሲነበብ የእስክንድርያ አባቶች ስም ይነሣል። ሰውየው ከቤቱ የወጣው ከአሌክሳንድሪያ ነው፤ ጆሮው የሚሰማው እስክንድርያን ነው። በእንግሊዝኛ ቢሆን ሁለቱ አንድ ቃል በሆኑ ነበር። አማርኛ ግን ለይቷቸዋል። የግብፅዋ በግእዝ መጻሕፍት በኩል ስለገባች እስክንድርያ ተባለች፤ የአሜሪካዋ በእንግሊዝኛ በኩል ስለመጣች አሌክሳንድሪያ ሆና ቀረች። ቋንቋችን ሁለቱ ስሞች የመጡበትን መንገድ በአጠራር መዝግቦ አኑሮታል።

የግብፅዋን ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ቆረቆራት። በደረሰበት ሁሉ በስሙ ከተማ ያቆም ስለነበር ሞክሼዎቿ እስከ መካከለኛው እስያ ተበትነዋል። በቱርክ ጠረፍ ያለችው ኢስከንደሩን ዛሬም የእርሱን ስም ይዛለች። ኢትዮጵያ ከግብፅዋ እስክንድርያ ጋር የተሳሰረችው በ4ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፍሬምናጦስ፣ እኛ አባ ሰላማ የምንለው፣ ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ መጣ። ትስስሩ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ዘልቆ በ1959 አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆኑ።

የቨርጂንያዋ አሌክሳንድሪያ ከእስክንድር ጋር ምንም አያገናኛትም። በ1669 ጆን አሌክሳንደር የተባለ ሰው በዚያ ሰፊ መሬት ገዛ፤ በ1749 ከተማዋ ስትመሠረት በባለ ርስቶቹ ቤተ ሰብ ስም ተጠራች። እነዚህን ሁለት ከተሞች በአንድ ሰው የእሑድ ማለዳ ውስጥ ያገናኛቸው ስደት ነው።

ኢየሩሳሌምን ወደ ቤት ማምጣት

ስምን ከሚያሻግሩ ኃይሎች ሁሉ ጠንካራው ሃይማኖት ሳይሆን አይቀርም። ለዚህ ከላሊበላ የተሻለ ምስክር የለም። አሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለሁለት ከፍሎ የሚያልፈው መፋሰሻ ዮርዳኖስ ይባላል። ቤተ ጎልጎታ አለ። ቤተ ሚካኤል ደብረ ሲና ተብሎ ይጠራል። ቤተ ልሔምም አለ። በመጽሐፍ ቅዱስ አገር በብዙ ቀን ጉዞ የሚራራቁ ስፍራዎች እዚህ በአንድ ማለዳ ይዳረሳሉ። ቅዱስ ላሊበላ ዳግሚት ኢየሩሳሌምን ለመሥራት ተነሣ የሚለውን ትውፊት ዓለቱ ራሱ ያጸናዋል፤ የተቀዳው የአንድ ሕንፃ ንድፍ ብቻ አይደለም፣ የቅድስት አገር ካርታ በሙሉ ነው። የከተማዋ የቀድሞ ስም ሮሃ መሆኑም ሊቃውንትን ሲያነጋግር ኖሯል፤ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ኡርፋ የምትባለው ጥንታዊት የክርስቲያኖች ከተማ ኤዴሳ በዐረብኛ ሩሃ ትባል ነበርና።

ከላሊበላ ወጥተን መንገድ ብንጀምር ስሞቹ አይለቁንም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ ተጓዥ ጣርማ በርን ወርዶ ደብረ ሲና ይገባል፤ ሙሴ ጽላቱን የተቀበለበት ተራራ ስም ነው። ጎንደር ውስጥ ደብረ ታቦር አለ። በገሊላ ያለው የታቦር ተራራ ከፍታው 600 ሜትር አይሞላም፤ የእኛዋ ከተማ ግን ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በነሐሴ 13 ቡሄ ሲጨፈር፣ በዓሉም ከተማውም ተራራውም በአንድ ስም ይጠራሉ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ አዳማም ናዝሬት ተብለው ነበር። ሁለቱም ወደ ጥንት ስማቸው ተመልሰዋል፤ በአነጋገር ግን ያኛውም ስም አልጠፋም። አንድ ከተማ ሁለት ስም ሲኖረው ተናጋሪው የሚመርጠው ስም የትውልዱን ዘመንና ያደገበትን ቤት ያመለክታል።

ደብረ ሊባኖስ ደግሞ ጠለቅ ያለ ታሪክ አለው። በሸዋ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም የመጀመሪያ ስሙ ደብረ አስቦ ነበር። ደብረ ሊባኖስ ያሉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን። ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ግን በዛሬዋ ኤርትራ፣ በሽመዛና፣ ሃም በተባለው ስፍራ ሌላ ደብረ ሊባኖስ ነበረ፤ እርሱ ስሙን ያገኘው መጣዕ ከሚባሉት ጻድቅ ከአባ ሊባኖስ ነው። ገዳማቱ ሞክሼ ናቸው፤ “ማን አወጣልህ?” ሲባሉ ግን አንዱ ጻድቅን ይጠራል፣ ሌላው ንጉሥን።

የአትላንቲክን ውቅያኖስ ተሻግረን ፔንስልቬንያ ብንገባ ያንኑ ምኞት እናገኛለን። ሞራቪያን የሚባሉት የፕሮቴስታንት ምእመናን ከአውሮፓ ተነሥተው በ1740 ናዝሬትን፣ በ1741 ደግሞ ቤተ ልሔምን መሠረቱ። ቤተ ልሔም ስሟን ያገኘችው በገና ዋዜማ ነው። ሰፋሪዎቹ የተሰበሰቡበት የግንድ ቤት ከከብቶቹ በረት ጋር የተያያዘ ስለነበር በረትና ልደት ተገናኙ። በቅድስት አገር ቤተ ልሔምና ናዝሬት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ፤ በፔንስልቬንያ ግን ጎረቤት ናቸው፣ ርቀታቸው ዐሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የላሊበላ ጠራቢዎችና የሞራቪያን ሰፋሪዎች ከአምስት መቶ ዓመት ልዩነት በኋላ፣ አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቅ አንድ ነገር አደረጉ፤ ሩቅ ያለውን ቅዱስ ስፍራ አቀራርበው ደጃቸው ላይ ተከሉት።

ወደ ደብረ ታቦር ተመልሰን አንድ ሌላ ስም እናንሣ። ዐፄ ቴዎድሮስ እዚያው አጠገብ፣ በጋፋት ያስቀለጡትን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን መድፍ ሴባስቶፖል አሉት። ስሙ የክራይሚያ ወደብ ስም ነው፤ እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ከቱርኮች ጋር ሆነው ከ1854 እስከ 1855 ከብበው ሩሲያን የተዋጉባት ከተማ። የከበባው ወሬ ዓለምን ሲያዳርስ በካሊፎርኒያ የምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማም ሴባስቶፖል ተባለች። በክራይሚያ ከተማ፣ በካሊፎርኒያ ከተማ፣ በኢትዮጵያ መድፍ። መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ወጣ፤ በ1868 ባለቤቱ ሲወድቁ እርሱ እዚያው ቀረ።

ስም በጎሳ ትከሻ

ካህናትና ነገሥታት ስም ከመጽሐፍ ያመጣሉ። ጎሳ ግን ስሙን ራሱ ተሸክሞ ይሄዳል። ቦረና ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው የደቡብ ኦሮሚያን ሜዳ፣ ከብቱንና የኤላ ጉድጓዶቹን ነው። ደቡብ ወሎ ግን ዋና ከተማው መካነ ሰላም የሆነ ቦረና የሚባል ወረዳ አለ። ጎጃም ውስጥ ሜጫ አለ፤ ሜጫ ከዓባይ ደቡብ ያለ ታላቅ የኦሮሞ ክፍልም ስም ነው። ሊበን ደቡብ ኦሮሚያ ውስጥ ይገኛል፣ አድአ አጠገብ ይገኛል፣ ጎጃም ውስጥም በባሶ ሊበን ስም ይኖራል። ጅማ ሲባል የአባ ጅፋር ከተማ ብቻ የሚመስለው ሰው ወለጋ ቢሄድ ጅማ ራሬን፣ ጅማ ገነቲን፣ ጅማ አርጆን፣ ጅማ ሆሮን ያገኛል። እነዚህ ስሞች በካርታ ላይ ተራርቀው ሲታዩ ተራ መገጣጠም ይመስላሉ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተጀመረው የኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት ጋር አያይዞ ላነበባቸው ሰው ግን የጉዞ ዱካ ናቸው። የሰፈረው ወገን ቦታውን በራሱ ስም ጠራ፤ ከጊዜ ብዛት ቋንቋው በተለወጠበት ስፍራ እንኳ ስሙ አልተለወጠም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ዳሞት ነው። ዛሬ ዳሞት ሲባል ጎጃም ትዝ ይለናል። በመካከለኛው ዘመን ግን ዳሞት ከዓባይ በስተደቡብ የነበረ ኃይለኛ መንግሥት ነው። በገድለ ተክለ ሃይማኖት የምናገኘው ሞተለሚ የዳሞት ገዥ ነበር። የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነትና የሕዝብ እንቅስቃሴ አገሩን ሲያናውጠው ከዳሞት ሰዎች ብዙዎቹ ዓባይን ተሻግረው ጎጃም ሰፈሩ፤ ስማቸውም አብሯቸው ተሻገረ። ወላይታ ውስጥ ደግሞ ዳሞት ጋሌ፣ ዳሞት ሶሬና ዳሞት ወይዴ የተባሉ ወረዳዎች አሉ፤ ከሶዶ ከተማ በላይም የዳሞታ ተራራ ቆሟል። ስሙን ከዓባይ ወዲህም ወዲያም የሚያገኝ ሰው የአንድ ጥንታዊ መንግሥትን ስብርባሪ ሁለት ቦታ ላይ እየነካ ነው።

አንዳንድ ሞክሼነት ግን የገበያ ጉዳይ ነው። ሐሙሲት፣ ማክሰኚት፣ አርብ ገበያ፣ ሰንበቴ፤ እነዚህ ሁሉ ገበያቸው በሚቆምበት ቀን የተሰየሙ ስፍራዎች ናቸው። ገበያ በየወንዙ ማዶ ይቆማል፣ የሳምንቱ ቀን ግን ከሰባት አይበልጥም፤ ስለዚህ ስሙ መደጋገሙ አይቀርም። ለመለየት ታዲያ የአካባቢው ስም ይታከላል፤ ደራ ሐሙሲት እንደሚባለው። ደራም በበኩሉ ሞክሼ አለው፤ አንዱ ደቡብ ጎንደር፣ አንዱ ሰሜን ሸዋ፣ አንዱ አርሲ። ቡሬም እንዲሁ፦ ጎጃም፣ ኢሉባቦር፣ አፋር። መናኸሪያ ላይ ረዳቱ “ቡሬ! ቡሬ!” ሲል የማያደናግረው መኪናው የቆመበት በር ስለሚታወቅ ብቻ ነው።

ስም ከመቃብር በላይ

“ስም ከመቃብር በላይ ይውላል” የሚለው ተረት ለሰው የተባለ ነው። ለመንግሥታት ሲሆን ግን እንዲያውም ይበልጥ ይሠራል፤ ስማቸው ከመቃብራቸው በላይ ከመዋል አልፎ ሌላ አገር ሄዶ ይኖራል።

ጋናን እንውሰድ። ጥንታዊው የጋና መንግሥት በወርቅ ንግድ የበለጸገ ነበር። ዋና ከተማው ነበረች የምትባለው ኩምቢ ሳሌህ የምትገኘው ዛሬ ሞሪታንያ በሚባለው አገር ነው። የዛሬዋ ጋና ከዚያ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቃ፣ በደቡብ ምሥራቅ፣ በባሕር ዳር ትገኛለች። እንግሊዞች የወርቅ ጠረፍ ይሏት ነበር። ማርች 6 ቀን 1957 ነፃ ስትወጣ ኩዋሜ ንክሩማና ጓዶቹ ያንን አሮጌ ስም አነሡ። የመረጡት ካርታው ስለገጠመ አይደለም። ቅኝ ገዥ የሸቀጥ ስም ለሰጠው ሕዝብ የመንግሥት ስም ሊያለብሱት ነው። ዛሬ አዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት ቅጥር ግቢ የቆመው የንክሩማ ሐውልት የዚያ ዓይነት አስተሳሰብ ማስታወሻ ነው።

ሞሪታንያም በተራዋ ሞክሼ አላት። የሮማውያን ማውሬታንያ ዛሬ ሞሮኮና አልጄሪያ በሆነው በሰሜኑ ጠረፍ ነበረች፤ ፈረንሳዮች ስሙን ወደ ደቡብ አምጥተው ለበረሃው ግዛት ሰጡት። ማሊም በቅኝ ግዛት ዘመን የፈረንሳይ ሱዳን ትባል ነበር፤ ከዚያ በኋላ የማንሳ ሙሳን ጥንታዊ መንግሥት ስም ወረሰች።

የቤኒን ነገር ደግሞ ያስቆጫል። የቤኒን ነሐሶች በመባል የታወቁት ድንቅ ቅርሶች ቤኒን ከሚባለው አገር የመጡ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። የቤኒን መንግሥት መቀመጫ ግን ናይጄሪያ ውስጥ ያለችው ቤኒን ሲቲ ናት። በ1897 የእንግሊዝ ጦር ገብቶ ቤተ መንግሥቱን ዘረፈ፣ ነሐሱም በአውሮፓ ሙዚየሞች ተበተነ። ቤኒን የተባለው አገር እስከ 1975 ስሙ ዳሆሜ ነበር፤ አዲሱን ስም ያገኘው ከፊቱ ከተዘረጋው የባሕር ሰላጤ ነው። ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። መቅደላ በ1868 የሆነውም ይኸው ነው፤ የሁለቱም ዝርፊያ ቅርሶች ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ በአንድ ጣሪያ ሥር ይገኛሉ። ተዘርፎ የወጣ ዕቃ የትውልድ ቦታው ስም ሲምታታ ለባለቤቱ የመመለሱ ጥያቄም ይምታታል። ስለዚህ የቱ ቤኒን እንደሆነ ማወቅ የፍትሕ ጉዳይ ነው።

ኢትዮጵያ የሚለው ስምስ? ይህን ጥያቄ በአክብሮት፣ ግን ሳንፈራ ማንሣት ይገባል። የጥንት ግሪኮች አይቲዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ማለታቸው ነበር፤ በተለይም ኩሽ ወይም ኑብያ የሚባለውን የአባይ ሸለቆ አገር። የሐዋርያት ሥራ የሚጠራት ህንደኬ የመርዌ ንግሥቶች የማዕረግ ስም ናት። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ግን ንጉሥ ዒዛና ድንጋይ ላይ ሲያስጽፍ፣ በግእዙ ሐበሠት ያለውን በግሪክኛው አይቲዮጵያውያን አለው። ስሙ ከዚያ ወዲህ በአክሱም ምድር ሥር ሰደደ፤ በትውፊታችንም ከኩሽ ልጅ ከኢትዮጲስ ጋር ተሳስሮ በትውልድ ቅብብል ደረሰን። መርዌ ስትፈርስ በስሙ የሚጠራ መንግሥት አልተረፈላትም፤ አክሱምና ተከታዮቿ ግን ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ጠሩት፣ ጸለዩበት፣ ሞቱለት። ስም ርስት ቢሆን የሚጸናው ያለማው እጅ ላይ ነው።

አንድ ድምፅ፣ ሁለት ምንጭ

አልፎ አልፎ ሁለት ስሞች ከተለያየ ወንዝ ተነሥተው አንድ ባሕር ይገባሉ። የታወቀው ምሳሌ ጆርጂያ ነው። የአሜሪካዋ ክፍለ ግዛት በ1732 በንጉሥ ጆርጅ ሁለተኛ ስም ተጠራች። የካውካሰሷ አገር ግን ለራሷ ሰዎች ሳካርትቬሎ ናት፤ ጆርጂያ የሚለው የውጭ ሰዎች ስያሜ ከፋርስ አጠራር ጋር የተያያዘ ነው። ዋና ከተሞቻቸው ትብሊሲና አትላንታ እህትማማች ከተሞች መሆናቸው ደስ ይላል፤ ሞክሼነት ወዳጅነት ወልዷል። በአትላንታ ዙሪያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ ለእኛ ጆርጂያ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣልን የአሜሪካዋ ናት። በጥንት ዘመን የካውካሰሷ ጆርጂያ ምሥራቃዊ ክፍል ኢቤሪያ፣ ጎረቤቷም አልባንያ ይባሉ ነበር፤ ከዛሬዋ አልባንያም ሆነ ስፔን ካለችበት የኢቤሪያ ልሳነ ምድር ጋር ግን ዝምድና የላቸውም።

በዚያችው በአሜሪካዋ ጆርጂያ ሮም የምትባል ከተማ አለች። በ1834 አምስት መሥራቾች የየራሳቸውን ምርጫ ወረቀት ላይ ጽፈው ባርኔጣ ውስጥ ከተው፣ ዕጣው ለሮም ወጣ። እንደ ሞክሼዋ በሰባት ኮረብቶች መካከል ናትና። በ1929 ሙሶሊኒ መንትዮቹን የምታጠባውን ተኩላ ሐውልት ቅጂ ስጦታ ላከላት። በ1940 ጣልያን ጦርነት ውስጥ ስትገባ ሐውልቱ ከቦታው ወረደ፣ በ1952 ተመለሰ። ያው ሰው ለአንደኛዋ ሮም ሐውልት ሲሰጥ፣ ለሌላዋ ሮም ደግሞ በ1937 የአክሱምን ሐውልት ነቅሎ አስመጣ። የአክሱሙ የተመለሰው በ2005 ነው። ሁለት ሮሞች፣ ሁለት ሐውልቶች፤ አንዱ የተሰጠ፣ አንዱ የተቀማ።

ትሪፖሊ ግን ለብዙ ኢትዮጵያዊ ቤተ ሰብ የጂኦግራፊ ትምህርት ብቻ አይደለችም። ቃሉ በግሪክ ሦስት ከተሞች ማለት ነው፤ በሊባኖስም በሊቢያም ሦስት ከተሞች የተጣመሩበት ስፍራ ስለነበር ሁለት ትሪፖሊዎች ተገኙ። ዐረቦች የሊቢያዋን ጠራቡሉስ አል ገርብ፣ ማለትም የምዕራቧ፣ የሊባኖሷን ደግሞ ጠራቡሉስ አሽ ሻም እያሉ ይለዩዋቸዋል። በሊባኖስ የቤት ሠራተኛ ሆነው የሚኖሩ እህቶች አሉን፤ በሊቢያ በኩል ባሕር ለመሻገር የወጡ ወንድሞችም አሉን። “ትሪፖሊ ነው ያለችው” የሚል ወሬ ሲደርስ እናት “የቷ ትሪፖሊ?” ብላ የምትጠይቀው ከልቧ ጭንቀት ነው። መልሱ የአንድ ልጅ ዕጣ ፈንታ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ቀለል ያለ ስሕተትም አለ። በ2002 ሁለት ወጣት እንግሊዛውያን ወደ አውስትራሊያዋ ሲድኒ የሚሄዱ መስሏቸው ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ባለችው ትንሽ ሲድኒ አረፉ። ሁለቱ ከተሞች የአንድ ሰው ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል፤ የካናዳዋ በ1785፣ የአውስትራሊያዋ በ1788 የተሰየሙት በዚያው በእንግሊዝ ሚኒስትር በሎርድ ሲድኒ ስም ነው። የአውሮፕላን ቲኬት ላይ ከከተማው ስም ጎን የሚጻፉት ሦስት ፊደላት የሚጠቅሙት እንዲህ ላለው ጊዜ ነው። ፊደላቱን ማየት ያልለመደ መንገደኛ ካለ ከዛሬ ጀምሮ ይልመድ።

የውለታ ስሞች

እስካሁን ያየናቸው ስሞች የተሻገሩት በሃይማኖት፣ በፍልሰት፣ በሥልጣን ነው። የቀረው ውለታ ነው፤ እኔም አብልጬ የምወደው እርሱን ነው።

ሜክሲኮ አደባባይን በየቀኑ የሚያቋርጥ የአዲስ አበባ ሰው ስለ ስሙ ላያስብ ይችላል። በ1936 ፋሽስት ጣልያን ኢትዮጵያን ወሰድኩ ሲል አብዛኛው ዓለም ዝም ባለበት ጊዜ ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። ለዚህ ውለታ አዲስ አበባ አደባባይ በስሟ ሰየመች። ሜክሲኮ ሲቲም በበኩሏ አንድ አደባባይ ኢትዮጵያ ብላ ሰየመች፤ በ1980 የተከፈተው የምድር ባቡር ጣቢያም ኢትዮጵያ ተባለ፣ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። በዚያ ጣቢያ በየቀኑ የሚወርዱ ሰዎች አገራችንን ባያውቋትም ስሟን ይጠራሉ፤ እኛም ታክሲ ስንይዝ የእነርሱን።

በኮርያ ጦርነት የዘመቱ ወታደሮቻችን የሰፈሩበት የአዲስ አበባ ክፍል ኮርያ ሰፈር ይባላል። በደቡብ ኮርያም ቹንቾን ከተማ፣ የዘማቾቹ መታሰቢያ አዳራሽ ያለበት ጎዳና የኢትዮጵያ መንገድ ነው። ሻሸመኔ ውስጥ ጃማይካ ሰፈር አለ። በኢየሩሳሌምም ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ያለችበት ጎዳና በኢትዮጵያ ስም ይጠራል። እነዚህ ስሞች የተሻገሩት አንዱ ለሌላው በክፉ ቀን ስለቆመ ወይም በእምነት ስለተጠጋ ነው።

ሁለት የመላእክት ከተሞች

የመጨረሻው ጉዟችን ጣልያን ውስጥ ካለችው ከአሲሲ ይጀምራል። የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ተከታዮች በዚያ የመላእክት እመቤት የተባለች ቤተ ክርስቲያን ነበረቻቸው። ከእነዚሁ ተከታዮች ወገን የሆኑ የስፔን መነኮሳት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ካሊፎርኒያ ሲደርሱ ስሙን ይዘውት ሄዱ፤ በ1781 የተመሠረተችውም መንደር በዚሁ ስም ተጠራች። ረጅሙ ስም አጥሮ ሎስ አንጀለስ ቀረ፤ መላእክት ማለት ነው።

ከመቶ ሰባ ዓመት ገደማ በኋላ በእስራኤል ለአዲስ ገቢዎች መጠለያ የነበረ ሰፈር ወደ ከተማነት አደገ። ለግንባታው ገንዘብ ያዋጡት የሎስ አንጀለስ አይሁድ ነበሩ። ለውለታቸው ከተማዋ በከተማቸው ስም ተጠራች፤ ስሙ ግን በዕብራይስጥ ተተርጉሞ ቅርያት መላኺ ሆነ። የግእዝ ልጅ የሆነ ቋንቋ ለሚናገር ሰው ይህን መተርጎም አያሻም። መላኺ ያው መልአክ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላሰበውም። ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች የተነሡ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሲገቡ ብዙዎቹ ቅርያት መላኺ ሰፈሩ። ሎስ አንጀለስ ውስጥም ከአብዮቱ በኋላ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ምግብ ቤትና ሱቅ ከፈቱ፤ በ2002 ከተማዋ አካባቢውን ትንሿ ኢትዮጵያ ብላ በይፋ ሰየመችው። ከአሲሲ የተነሣ ስም ውቅያኖስ ተሻግሮ ካሊፎርኒያ፣ ከካሊፎርኒያ ተመልሶ መካከለኛው ምሥራቅ፤ በሁለቱም ጫፍ ደግሞ እንጀራ የምትጋግር፣ ቡና የምታፈላ፣ ልጇን በአማርኛ የምትቆጣ እናት።

ሁለቱ እናቶች አይተዋወቁም። አንድ ቀን ተገናኝተው “የት ነው የምትኖሪው?” ቢባባሉ፣ አንደኛዋ ሎስ አንጀለስ፣ ሌላዋ ቅርያት መላኺ ትላለች፤ ስሞቹም ለጆሮ አይመሳሰሉም። ሁለቱን ስሞች ወደ አማርኛ ቢመልሷቸው ግን በሁለቱም ውስጥ መልአክ ያገኛሉ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይሉ የነበሩ አያቶች የልጅ ልጆች ናቸውና፣ ያን ጊዜ ምን እንደሚባባሉ እናውቃለን፦

“ሞክሼዬ!”